ቡፌ ላይ የቆመው ወይን

ወይን ለጨዋታ ማድመቂያ ብቻ ይጠጣ የነበረ ሰው አንድ ቀን ጠርሙሱ ላይ የተጻፈውን ዓመት ማየት ይጀምራል። እኛ በምንኖርበት በውጭው ዓለም ሻጩን «የ2013ቱ ይሻላል የ2016ቱ?» ብሎ መጠየቅ ይበቃል። ሐዋሳ ላይ ግን የሚቀድም ጥያቄ አለ፦ ጠርሙሱ እስከ ዛሬ የት ነው የተቀመጠው?

ዓመቱ ዘለላው የተለቀመበት እንጂ ወይኑ የታሸገበት አይደለም። አቆጣጠሩም የፈረንጅ ነው። 2016 የሚለውን የቦርዶ (የፈረንሳይ ወይን አብቃይ አካባቢ) ቀይ «የቅርብ ነው» ብሎ የሚገዛ አይጠፋም፤ በእኛ ግን መስከረም 2009 ገደማ የተለቀመ ነው። ቦርዶ ላይ ዓመቱ ለውጥ የሚያመጣው ሰማዩ ስለሚለዋወጥ ነው። በ2013 ጸደዩ ቀዝቃዛና ዝናባም ስለነበር አበባው በቅጡ ፍሬ አልያዘም፤ ብዙዎቹ ቀዮች ሳስተው ወጡ። በ2010 እና በ2016 ደረቅ በጋና ቀዝቀዝ ያለ ሌሊት ስለገጠመላቸው ለዓመታት የሚቆዩ ወይኖች ተገኙ።

ወደ ሐዋሳ በሚወስደው መንገድ ላይ ባቱ (ዝዋይ) ያለው የወይን ጠማቂው የካስቴል እርሻ ግን ሌላ ነው። ሪፍት ቫሊ እና አካሺያ የሚባሉት ወይኖች የሚወጡት ከዚያ ነው፤ ሜርሎ፣ ሲራ፣ ካቤርኔ ሶቪኞን እና ሻርዶኔ የሚባሉ የወይን ዘሮች ይበቅሉበታል። እንደ አውሮፓ ተክሉን የሚያስተኛ ብርድ ስለሌለ የለቀማውን ጊዜ በዋናነት የሚወስነው ተክሉ የተገረዘበት ቀን ነው። የቦርዶን የዓመት ደረጃ ይዞ የባቱን ጠርሙስ መመዘን አያስኬድም።

ወይን የሚጎዳው ግን ቤት ውስጥ ነው፤ ይኼም የሚያሳዝነኝ በፍቅር ስለሚደረግ ነው። ከውጭ የመጣ ጠርሙስ ሳሎን ቡፌ ላይ ይቆማል፤ ለሠርግ፣ ለክርስትና ወይም ለክብር እንግዳ ተብሎ ዓመታት ያልፋሉ። ቆሞ ሲቀመጥ ቡሹ ይደርቅና አየር ያስገባል፤ የመስኮቱ ብርሃንና የየካቲት፣ የመጋቢት ሙቀት ደግሞ ወይኑን ያበስሉታል። ለማቆየት የሚመቸው ከ12 እስከ 14 ዲግሪ ነው። ለነገሩ አብዛኛው ሱፐርማርኬት ላይ የሚገኝ ወይን ከለቀማው በኋላ ባሉት ጥቂት ዓመታት እንዲጠጣ የተሠራ ነው፤ ቡፌ ላይ ቢቆይ አይሻሻልም። ስጦታ ስናመጣ «ዘንድሮ ጠጡት» ብለን እንንገራቸው።

ሲገዙ ጠርሙሱን ብርሃን ላይ ያንሱት። አዲስ ወይን እስከ አንገቱ መሙላት አለበት፤ ወደ ትከሻው ከወረደ አፍስሷል ማለት ነው። አውራ ጣትዎን አናቱ ላይ ያሳልፉ፦ ቡሹ ሽፋኑን ገፍቶ ካበጠ፣ ወይም አንገቱ ላይ የሚያጣብቅ መስመር ካለ ሙቀት መትቶታል፤ ይተዉት። ከመስኮቱ ዳር ካለው መደርደሪያ ይልቅ ከጓዳ ከካርቶን የወጣውን ይጠይቁ። ቤት ሲደርስ ከቆርቆሮው ጣሪያ የራቀ ክፍል ውስጥ፣ ወለል ላይ፣ ካርቶኑ ውስጥ አጋድመው ያኑሩት።

የዓመት ልዩነትን በምላስ ለመለየት የአንድ ፋብሪካ፣ የአንድ ዘር፣ የሁለት ዓመት ጠርሙሶች ይፈለጉ። ከአንድ 750 ሚሊ ሊትር ጠርሙስ 60 ሚሊ ሊትር እየተቀዳ ለ12 ሰው ይደርሳል፤ ስለዚህ ወዳጅ ይጠራ። ዓመቱ እንዳይታይ ጠርሙሶቹ በጋዜጣ ይጠቅለሉ። ቀዩ ለግማሽ ሰዓት ፍሪጅ ይግባ፤ «በክፍል ሙቀት ይጠጣ» የሚባለው ወደ 17 ዲግሪ ለሚጠጋ ክፍል ነው፣ የሐዋሳ ቀትር ደግሞ ከዚያ በጣም ይሞቃል። ከሐዋሳው አሞራ ገደል ዓሣ ጋር የሚቀርበው ነጩ ሻርዶኔ ከ8 እስከ 12 ዲግሪ ይቀዝቅዝ። የቆየ ቀይ ከሆነ አንድ ቀን አቁመውት አተላው ይዝቀጥ፣ ከዚያ ቀስ ብሎ ይቀዳ። እርጥብ ካርቶን የሚሸት ከሆነ ጥፋቱ የቡሹ ነው፣ ዓመቱ ላይ አይፈረድ። የተረፈው ቀይም ቢሆን ተከድኖ ፍሪጅ ይግባ፣ በሦስት ቀን ውስጥም ይጠጣ።