መጀመሪያ የተዳፋቱን ግርጌ እዩ

በረዶ ሲጥል ልጅን ቤት ውስጥ አስቀምጣለሁ ማለት ዘበት ነው። አይገባምም፤ የበረዶ ሸርተቴ፣ ማለትም መንሸራተቻ ላይ ሆኖ በረዶ የለበሰ ተዳፋት መውረድ፣ ደስ የሚል ጨዋታ ነው። እኔን የሚያንገበግበኝ ወላጆች ልጁን በካፖርት ላይ ካፖርት ደርበውለት፣ ጓንት አጥልቀውለት፣ ብርድ እንዳይመታው ሲጨነቁ ቆይተው፣ ተዳፋቱ የት እንደሚያልቅ እንኳን ሳያዩ «በል ሂድ» ማለታቸው ነው።

መንሸራተቻው ፍሬን የለውም። ልጁ አንዴ ከተለቀቀ የሚያቆመው የሜዳው ስፋት ነው፣ ካልሆነም ዛፍ፣ አጥር፣ የመብራት ምሰሶ ወይም መኪና። ስለዚህ ልጁ ከመውጣቱ በፊት ራሳችሁ ታች ወርዳችሁ እዩ። ግርጌው መንገድ ወይም ኩሬ ከሆነ ሌላ ቦታ ፈልጉ፣ ቢያለቅስም ያልቅስ።

በአሜሪካ እ.ኤ.አ. ከ1997 እስከ 2007 ድረስ በዚህ ጨዋታ ተጎድተው ድንገተኛ ክፍል የገቡ ልጆችና ወጣቶች በዓመት በአማካይ ከ20 ሺህ በላይ እንደሚሆኑ ተገምቷል። ከሁሉም በላይ የተጎዳው ጭንቅላት ነው። ልጆች ደግሞ በደረታቸው ተኝተው፣ በጭንቅላታቸው ቀድመው መውረድ ይወዳሉ! እንደዚያ ሲሆን መጀመሪያ ዛፉን የሚያገኘው ግንባር ነው። ቁጭ ብለው፣ እግራቸውን አስቀድመው ይውረዱ። ሄልሜትም ያድርጉ፤ የበረዶ ስፖርት ሄልሜት ከሌለ የብስክሌቱ ከምንም ይሻላል።

በአየር የሚነፋው ክብ መንሸራተቻ ለስላሳ ስለሆነ ብዙ ሰው ያምነዋል። እኔ አላምነውም። እየተሽከረከረ ስለሚወርድ መንገድ ላይ የልጁን ፊት ወደ ኋላ ያዞረዋል፣ ልጁም የሚመጣበትን አያይም። መሪ ያለው ይሻላል።

በመኪና ወይም በሞተር ገመድ አስሮ መጎተትን በተመለከተ ግን ምንም ድርድር የለም። መኪናው ሲታጠፍ መንሸራተቻው ወደ ጎን ተወርውሮ ይወጣል፤ መኪናው ሲቆም ደግሞ እሱ አይቆምም፣ ጎማው ስር ሊገባ ይችላል። ሹፌሩ ቀስ ብሎ ቢነዳም ይሄ አይቀየርም። ረጅም የአንገት ልብስም የሆነ ነገር ላይ ተጠምዶ ሊያንቅ ስለሚችል ቤት ይቅር።

ጭንቅላቱን የተመታ ልጅ «ደህና ነኝ» ቢልም ለዚያ ቀን ይብቃው። እየተጫወተ መቆየት ስለሚፈልግ እንደዚያ ማለቱ አይቀርም። ካስታወከ፣ ግራ ከተጋባ፣ ራስ ምታቱ እየባሰ ከሄደ ወይም እንቅልፍ እንቅልፍ ካለው ነገን አትጠብቁ፣ ሐኪም ቤት ውሰዱት።