እርማት፦ እርግብ ያንን ድምፅ አትሰማውም

ሰላም ለሁላችሁም። ጣሪያ ሥር ስለሚሰፍሩ እርግቦች ሲወራ አንድ ምክር ሲደጋገም አየሁ። «ሰው የማይሰማው ቀጭን ድምፅ የሚያወጣ መሣሪያ ገዝታችሁ ሶኬት ላይ ሰኩት፤ ወፎቹ ራሳቸው ይሄዳሉ» የሚል ነው። በቅንነት እንደተባለ አውቃለሁ፤ ግን ስህተት ነው።

የሰው ጆሮ እስከ 20,000 ኸርዝ (በሴኮንድ የሚደረግ የድምፅ ንዝረት ብዛት) ገደማ ይሰማል። አብዛኞቹ ወፎች፣ እርግብም ጭምር፣ ከ10,000 ብዙም አያልፉም። እኛ ያልሰማነውን ቀጭን ድምፅ እነሱም አይሰሙትም። የሚረበሹት ውሻና ድመት ናቸው። ድመት እስከ 60,000 ድረስ ትሰማለች!

ማረጋገጡ ቀላል ነው። ካርቶኑ ላይ የተጻፈውን ኪሎኸርዝ (አንዱ 1,000 ኸርዝ ነው) እዩ። ከ20 በላይ ከሆነ ለእርግብ የሚሆን አይደለም። ዕቃውን ቀድማችሁ ከገዛችሁ ደግሞ አብሩትና ለጥቂት ቀን ጠዋት ጠዋት ተመልከቱ። ጎረቤቴ ቤት እርግቧ እዚያው መሣሪያው ላይ ቆማ ላባዋን ስታበጥር አይቻለሁ።

ጉዳቱ የገንዘብ ብቻ ቢሆን ባልጻፍኩ ነበር። ሰው መሣሪያው እምቢ ሲለው ተስፋ ቆርጦ ወደ መርዝ ይሄዳል። መርዝ የበላችውን እርግብ ደግሞ ድመት ወይም ጭልፊት ይበላታል።

የሚሠራው ቀዳዳውን በሽቦ ወንፊት መዝጋትና ግቢ ውስጥ የተበተነ እህል መጥረግ ነው። ከመዝጋታችሁ በፊት ግን በባትሪ አብርታችሁ ውስጡን እዩ። እንቁላሉ እስኪፈለፈል 18 ቀን ገደማ፣ ጫጩቶቹ እስኪበሩ ደግሞ አንድ ወር ገደማ ይፈጃል። ቢጫ ለስላሳ ጸጉር የለበሱ ሁለት ጫጩቶች ካያችሁ፣ እባካችሁ እስኪበሩ ጠብቁ።