የአቻ ለአቻ የጤና አስተማሪዎችን ጉባኤ መሰረዝ ቁጠባ አይደለም

ሰሞኑን ባሕር ዳር ላይ በተደረገ አንድ የበጀት ግምገማ፣ በክልሉ ዩኒቨርሲቲዎችና ኮሌጆች ራሳቸው ተማሪ ሆነው እኩዮቻቸውን ስለ ጤና የሚያስተምሩ በጎ ፈቃደኞች፣ ማለትም የአቻ ለአቻ የጤና አስተማሪዎች፣ በዓመት አንድ ጊዜ ተገናኝተው ልምድ የሚለዋወጡበት ጉባኤ ከዘንድሮ ጀምሮ እንዲቀርና በቴሌግራም ቡድን እንዲተካ ተወስኗል። ለውሳኔው ሦስት ምክንያቶች ቀርበዋል፤ ተማሪዎቹ የሚመጡት ለአበልና ለጣና ሽርሽር ነው፣ የሚነገራቸው ሁሉ በስልካቸው ላይ ይገኛል፣ የለጋሾች ገንዘብም ቀንሷል የሚሉ። ሦስተኛው እውነት ነው፤ ወደ እሱ እመለሳለሁ። ሁለተኛው ሥራውን ካለማወቅ የመጣ ነው። የመጀመሪያው ግን ስድብ ነው፤ በዝምታም መታለፍ የለበትም።

እነዚህ ተማሪዎች ደመወዝ የላቸውም። የራሳቸውን ፈተና እያጠኑ ማታ ማታ ዶርም ለዶርም ይዞራሉ፤ የአዲስ ገቢዎችን ጥያቄ ይቀበላሉ፤ እኩለ ሌሊት ላይ ተቀስቅሰው የታመመ ጓደኛቸውን ደግፈው ወደ ተማሪዎች ክሊኒክ ያደርሳሉ። ለዚህ ሁሉ የሚያገኙት ቢበዛ አንድ ቲሸርትና አንድ የምስክር ወረቀት ነው። ዓመቱን ሙሉ በነጻ ያገለገለ ወጣት በዓመት ለሁለት ቀን የመጓጓዣና የምግብ ወጪው ስለተሸፈነለት ጥቅመኛ ተብሎ ሊፈረጅ አይገባም። የኢትዮጵያ የኅብረተሰብ ጤና ማኅበር በየዓመቱ ጉባኤውን ያካሂዳል፤ ይገባዋልም፤ ባለሙያ ከባለሙያ ካልተማከረ ሙያው እንደሚደኸይ ሁሉም ያውቃል። ይህን ውሳኔ ያሳለፉት ሰዎችም ለመወሰን አንድ አዳራሽ ውስጥ ፊት ለፊት መቀመጥ አስፈልጓቸዋል። ለደመወዝተኛው የግድ የሆነው ነገር ለበጎ ፈቃደኛው ቅንጦት የሚሆንበትን ምክንያት እስካሁን ያስረዳ የለም። ጣናን ማየትም ነውር አይደለም።

ጉባኤውን የሚያጣጥሉት ሰዎች የሚያውቁት መክፈቻውን ብቻ ይመስለኛል። ንግግራቸውን አድርገው ከሻይ ዕረፍት በፊት ይሄዳሉ፤ ዋናው ሥራ የሚጀምረው ግን ከዚያ በኋላ ነው። በተማሪዎች ክሊኒክ በሠራሁባቸው ዓመታት ደጋግሜ እንዳየሁት፣ እነዚህ ወጣቶች ሲገናኙ እርስ በርስ የሚጠያየቁት ስለ በሽታ ምንነት አይደለም። ኤች አይ ቪ እንዴት እንደሚተላለፍ ሁሉም ያውቃሉ። የሚጠያየቁት ሌላ ነው። ስድስት ሰው በሚያድርበት ዶርም ውስጥ ስለ ኮንዶም ወሬ እንዴት ይጀመራል? ሃይማኖቱን አጥብቆ የያዘ ተማሪ እንዲህ ያለ ወሬ ኃጢአት ነው ብሎ ከመሐል ቢነሣ ምን ተብሎ ይመለሳል? በፈተና ሰሞን ሌሊቱን በጫት የሚያነጋ ጓደኛ ምክር በሰማ ቁጥር የሚርቅ ከሆነ፣ ሳይመክሩት እንዴት አጠገቡ መቆየት ይቻላል? አንዲት ልጅ ምሥጢሯን ከነገረችኝ በኋላ ተጸጽታ ብትሸሸኝ ልከተላት ወይስ ልተዋት? የሥልጠና መመሪያው ምሥጢር ጠብቁ፣ አትፍረዱ ብሎ ያልፋል። እንዴት እንደሆነ የሚያውቀው ሞክሮ የተሳሳተው ነው፤ እሱም ያለው ሌላ ግቢ ውስጥ ነው።

ይህ የአነጋገር ብልሃት ለጌጥ የሚፈለግ አይደለም፤ በሰዓት የሚለካ ዋጋ አለው። ተማሪዎች ፖስት ፒል የሚሉት ድንገተኛ የወሊድ መከላከያ ከግንኙነቱ በኋላ በ72 ሰዓት ውስጥ፣ በተቻለ መጠንም ቀደም ብሎ መወሰድ አለበት። ለኤች አይ ቪ የመጋለጥ አደጋ ከደረሰ በኋላ የሚሰጠው መከላከያ መድኃኒትም በ72 ሰዓት ውስጥ ተጀምሮ ለ28 ቀናት ይወሰዳል። የመጀመሪያው ክኒን ኤች አይ ቪን አይከላከልም፤ ፖስት ፒል ውጣ ተረጋግታ የተኛች ተማሪ ግን ሁሉንም ያመለጠች ይመስላታል። ተደፍራ ወደ ዶርሟ የተመለሰች ልጅ መጀመሪያ የምትነግረው ለሐኪም አይደለም፤ ለፖሊስም አይደለም፤ ከእሷ በላይ ወይም በታች በሚገኘው አልጋ ላይ ለምትተኛው ልጅ ነው። ያቺ ልጅ ስለ 72 ሰዓቱ ማወቋ ብቻ አይበቃም። ሳታስፈራራት፣ ሳትቆጣት፣ ለምን ወጣሽ ሳትላት፣ ንጋት ላይ አብራት ተነሥታ ሐኪም ዘንድ እንድትሄድ ማድረግ መቻል አለባት። በማባበልና በማፈር ሁለት ቀን ካለፈ የቀረው ጊዜ አንድ ቀን ነው። ከጎንደር የመጣች ተማሪ ይህን ንግግር እንዴት እንደምትጀምር ከእንጅባራ በመጣች ተማሪ ፊት ስታሳይ፣ የእንጅባራዋ ደግሞ በእኛ ግቢ እንዲህ ብትይ ልጅቱ ትዘጋብሻለች ብላ ስታርማት፣ ከዚያ ቅጽበት የሚበልጥ ሥልጠና አላውቅም። ይህን በጽሑፍ መተካት አይቻልም። ቪዲዮም አይተካውም፤ ቪዲዮው ስትሳሳት አያርማትማ።

ለምን ከሌላ ግቢ ጋር? በየግቢያቸው አይለማመዱምን? ለሚል ጠያቂ የጣናን ጉዳይ ላንሣ። በሐይቁ ዳርቻ የአንጀት ቢልሃርዚያ የታወቀ በሽታ ነው። ጥገኛው በውሃ ውስጥ ቀንድ አውጣ ላይ አድጎ ይወጣና የሚዋኘውን ወይም እግሩን ውሃ ውስጥ የነከረውን ሰው ቆዳ በስቶ ይገባል። የዳርቻው ልጅ ይህን እየሰማ ያድጋል፤ በምደባ ከደጋ የመጣው ተማሪ ግን ሐይቁን ያየ ዕለት ልብሱን አውልቆ ይገባል። ትኩሳቱና ሳሉ፣ ሆድ ቁርጠቱና ተቅማጡ የሚመጣው ከሳምንታት በኋላ ነው። በዚያን ጊዜ ተማሪው ለሴሚስተር ዕረፍት ቤቱ ገብቶ፣ ወይም ለጉብኝት መጥቶ ከነበረ ወደ ደብረ ማርቆስ ወይም ወደ ደብረ ታቦር ተመልሶ ሊሆን ይችላል፤ እዚያም ታይፎይድ ወይም አሜባ ነው ተብሎ ይታከማል። ፕራዚኳንቴል የተባለው መድኃኒት በሽታውን ያድናል፤ የሚሰጠው ግን አንድ ሰው ጣና ውስጥ ዋኝተህ ነበር ወይ ብሎ ሲጠይቅ ነው። ይህን ጥያቄ መጠየቅ እንዳለበት የደብረ ማርቆሱ የአቻ አስተማሪ ከማን ይማራል? ከባሕር ዳሩ እኩያው ነው፤ ሌላ ማንም አይነግረውም። ወባም እንዲሁ ነው። እ.ኤ.አ. በ2024 የመጀመሪያዎቹ አሥር ወራት ብቻ በአገሪቱ ከ7 ሚሊዮን በላይ የወባ ሕሙማን ተመዝግበዋል፤ ከደጋ መጥቶ ቆላ ላይ የሚመደብ ተማሪ ደግሞ ሰውነቱ በሽታውን አያውቀውም።

እንዲህ አንዱ ከሌላው የመማር ሐሳብ ለዚህ ምድር እንግዳ አይደለም። በሐይቁ ሰሜናዊ ዳርቻ በደምቢያ ወባ ብዙ ሕዝብ ከፈጀ በኋላ በ1947 ዓ.ም. ጎንደር ላይ የተከፈተው የሕዝብ ጤና ኮሌጅ የጤና መኮንኖችን፣ የኮሙኒቲ ነርሶችንና የሳኒቴሽን ባለሙያዎችን አንድ ላይ ወደ ሕዝቡ እየላከ ነበር ያሠለጠነው። አንዱ የሌላውን ሥራ በዓይኑ እንዲያይ ተፈልጎ ነው። ዛሬ ከሰባ ዓመት በኋላ ወጣቶቹን በየግቢያቸው ዘግተን በየስልካቸው እንዲነጋገሩ መንገር ወደ ኋላ መሄድ ነው።

ሌላም ነገር አለ። የአቻ አስተማሪ ዕድሜው አጭር ነው። በመጀመሪያው ዓመት ይሰማል፣ በሁለተኛው ይሠለጥናል፣ በሦስተኛው ሥራውን ማወቅ ይጀምራል፣ ከዚያ ይመረቃል። የአቻ አስተማሪዎቹ የግቢ ክበብ ዕውቀቱን የሚያኖርበት ቋሚ ሠራተኛም ሆነ መዝገብ የለውም፤ አስተባባሪው መምህር ሲዛወር ሁሉም ነገር ከዜሮ ይጀመራል። አንድ ግቢ የረሳውን ሌላው ግቢ የሚያስታውሰው በጉባኤው ነው። በአንዱ ጉባኤ ላይ የቀረበ የአቀባበል ሳምንት ፕሮግራም ያቀረበው ክበብ ከፈረሰ በኋላም በሌላ ግቢ ሲሠራበት አይቻለሁ። አሁን የተወሰነው ይህን ትዝታ ማጥፋት ነው፤ የወሰኑት ሰዎች ይህን ማወቃቸውን እጠራጠራለሁ፤ ካወቁ ደግሞ ይባስ።

ቴሌግራሙን በሚመለከት አንድ ነገር ልጠይቅ። አንዲት የአቻ አስተማሪ ጓደኛዋ አረግዛ ልትደብቅ እየሞከረች እንደሆነ ብታውቅ፣ ይህን በመቶዎች የሚቆጠሩ አባላት ባሉት ቡድን ውስጥ ጽፋ ምክር ትጠይቃለች? ስም ባትጠራ እንኳ የግቢው፣ የትምህርት ክፍሉና የጽሑፉ ቀን ልጅቱን ያጋልጣል፤ አንድ ሰው ስክሪን ሹት አንሥቶ ሌላ ቡድን ላይ ከለጠፈው በኋላ የሚመልሰው የለም። በአካል ሲሆን ድምፅ ዝቅ ይላል፣ ወንበር ይጠጋል፣ ነገሩ እዚያው ይቀራል። ምሥጢር መጠበቅ የሥራቸው መሠረት የሆነን ሰዎች ወደ አደባባይ ገፍትሮ እዚያ ተማሩ ማለት ኃላፊነት የጎደለው ነው። ደግሞስ በዚህ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተቋርጦ እንደነበር ተረሳ? በአንድ ትእዛዝ ሊጠፋ በሚችል ነገር ላይ ብቻ የተንጠለጠለ የጤና አገልግሎት በአስፈላጊው ሰዓት አይገኝም። ቡድኑ ይኑር፣ መርሐ ግብርና ፖስተር ይለጠፍበት፤ ጉባኤውን ግን አይተካም። ኢንተርኔት በየኪሱ ባለበት በአሜሪካ እንኳ እ.ኤ.አ. በ1975 በፍሎሪዳ ዩኒቨርሲቲ የተጀመረው ባከስ የተባለው የአቻ አስተማሪዎች መረብ በየአካባቢው ተከፋፍሎ ተማሪዎቹን በክልል ጉባኤዎች ሲያገናኝ ቆይቷል።

ወደ ገንዘቡ ልመለስ። እ.ኤ.አ. በጥር 2025 የአሜሪካ መንግሥት የውጭ ዕርዳታውን ካገደ በኋላ የጤና ሚኒስቴር በዚያ ገንዘብ የተቀጠሩ 5 ሺህ ያህል ሠራተኞችን ውል ማቋረጡ ይታወሳል። ጉዳቱ እውነተኛ ነው፤ አልክድም። ይሁንና ደመወዝ የሚከፈለው ባለሙያ በቀነሰበት ዓመት ያለ ደመወዝ የሚሠራውን ማዳከም፣ በቅሎ ገመድ በጠሰች ቢሉ በራሷ አሳጠረች እንደሚባለው ነው። የለጋሽ ገንዘብ የሚያስፈልገው ጉባኤው ሆቴል ውስጥ ሲሆን ነው። በሴሚስተር ዕረፍት የዩኒቨርሲቲ ዶርሞች ባዶ ናቸው፤ ካፌው አለ፣ አዳራሹም አለ። ባሕር ዳር ደግሞ በዙሪያዋ ላሉት ግቢዎች ማዕከል ናት፤ ደብረ ታቦር ወደ 100 ኪሎ ሜትር፣ እንጅባራ ወደ 120፣ ጎንደር ወደ 180 ኪሎ ሜትር ይርቃሉ። መንገዱ አስተማማኝ ባልሆነበት ሳምንት ቀኑን መግፋት ይቻላል፤ ቀን መግፋትና ማጥፋት ግን አንድ አይደሉም።

የአቻ ለአቻ ትምህርት ውጤቱ አልተረጋገጠም የሚሉም አሉ። በታዳጊ አገሮች የተደረጉ ጥናቶችን የመረመሩ ሰዎች ትምህርቱ ዕውቀትንና የኮንዶም አጠቃቀምን እንደሚያሻሽል፣ በአባላዘር በሽታዎች ላይ ግን ግልጽ ለውጥ አለማየታቸውን ጽፈዋል። እኔ ከዚህ የምረዳው ግን ተቃዋሚዎቹ ከሚረዱት ተቃራኒ ነው። አንድ ጊዜ ሠልጥኖ ብቻውን የተተወ ወጣት የተነገረውን መልሶ ከመናገር አያልፍም፤ ሰውን የሚያንቀሳቅስ ሥራ የሚሠራው ከእኩዮቹ ጋር እየተገናኘ ሥራውን የሚያሻሽል ነው። ውጤቱ ደክሞ ከታየ የደከመው መማማሩ ነው፤ መድኃኒቱም መማማሩን ማብዛት እንጂ መሰረዝ አይሆንም።

ከአሁን በፊት የነበሩት አንዳንድ ጉባኤዎች በንግግርና በፎቶ የባከኑ መሆናቸውን ለሚያነሡ፣ ጥፋቱ መርሐ ግብሩን ያወጡት ኃላፊዎች እንጂ የተማሪዎቹ አይደለም። መክፈቻው ግማሽ ሰዓት ይበቃዋል። ከዚያ እያንዳንዱ ግቢ ዘንድሮ ያልተሳካለትን አንድ ሥራ ይዞ ይምጣ፤ ክፍለ ጊዜዎቹን ተማሪዎቹ ይምሩ፤ የተማሪዎች ክሊኒክ ነርሶች ከጎን ተቀምጠው የተሳሳተውን መረጃ ያርሙ። አበል ያስፈራው ካለ አበሉ ይቅር፤ የአውቶቡሱና የካፌው ወጪ ብቻ ይሸፈን። ግምገማውን የመሩት ኃላፊዎች ይህን ውሳኔ ከሁለተኛው ሴሚስተር ምዝገባ በፊት እንዲያነሡ እጠይቃለሁ፤ ለመጓጓዣ የሚጎድል ነገር ካለም እኛ በዚህ ሥራ ያለፍን ባለሙያዎችና ከእነዚህ ክበቦች የወጡ ምሩቃን እናዋጣለን።