ወላጅ ለመዋጮ ብቻ አይጠራ

ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ከወላጅና ከአካባቢው ጋር ተቀራርበው ይሥሩ የሚል ጽሑፍ አነበብኩ፤ ልክ ነው። የ1986ቱ የትምህርት ፖሊሲም ትምህርት ቤቶች ማኅበረሰቡ፣ መምህራንና ተማሪዎች ባሉበት ቦርድ ወይም ኮሚቴ ይመሩ ይል ነበር።

በተግባር ግን እኔ ልጄ 9ኛ ክፍል ሳለች አንዴ ብቻ ነው የተጠራሁት። እሱም ለአጥር መዋጮ።

10ኛ ክፍል ስትገባ ስም ጠሪዋ የሁላችንንም ስልክ በደብተራቸው መዘገቡ። አንድ ማታ ደወሉልኝ። «ሒሳብ ላይ ወርዳለች፣ ቤት ምን አለ?» አሉኝ። እናቴ ታማብኝ ነበር። ልጅቷ ከትምህርት ቤት እንደተመለሰች አያቷን ስታስታምም ነው የምታመሸው። እኔ ሥራ ላይ ስለምውል ማጥናት እንዳልቻለች እንኳ አላስተዋልኩም። በነጋታው ከጎረቤታችን ጋር ተነጋግረን ተራ አወጣን። መምህሯን እስከ ዛሬ አመሰግናቸዋለሁ።

በ2014 የ12ኛ ክፍል ፈተና 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። ውጤት ሲወጣ ከመደንገጥ ቀደም ብሎ መነጋገር ይሻላል። ስብሰባውንም ማክሰኞ ጠዋት አታድርጉት። የቀን ሠራተኛ ወላጅ ያን ቀን ከቀረ የዕለት ጉርሱ ይቀርበታል። እሑድ ከሰዓት ጥሩን፣ እንመጣለን።