«ቦይኮት» በሚለው ግስ ላይ የተሰጠ ማስተካከያ
ባለፈው ሳምንት ደሴ ፒያሳ ለሚማሩ የእንግሊዝኛ ተማሪዎቻችን ባደልነው ወረቀት ላይ «ቦይኮት» ማለት «መቅረት» እንደሆነ፣ ቃሉም «ቦይ» እና «ኮት» ከሚሉ ሁለት ቃላት እንደተገጣጠመ መጻፋችን ስሕተት ነበር። ቃሉ የሰው ስም ነው፤ በ1880 እ.ኤ.አ. በአየርላንድ፣ ሜዮ በተባለው አካባቢ፣ የአንድ ባላባት መሬት አስተዳዳሪ የነበረው ካፒቴን ቻርልስ ቦይኮት ጭሰኞችን ከመሬታቸው ለማስለቀቅ በመነሣቱ የአገሩ ሰው አድሞ አገለለው፤ አዝመራውን የሚሰበስብለት፣ ልብሱን የሚያጥብለት፣ ዕቃ የሚሸጥለትም ጠፋ። ሰብሉን በመጨረሻ ያነሡለት ከሌላ አካባቢ የመጡ 50 ያህል ሰዎች ሲሆኑ፣ እነሱንም ወታደር ይጠብቃቸው ነበር። ስሙ በዚያው ዓመት ግስ ሆነ። ስለዚህ ጉንፋን ይዞት ከክፍል የቀረ ተማሪ (የሰጠነው ምሳሌ ይኸው ነበር፣ ያሳፍራል) «ቦይኮት አደረገ» አይባልም፤ ተቃውሞውን ለመግለጽ ሆን ብሎ የራቀ ወይም ግብይት ያቋረጠ ግን ይባላል።