ምሰሶው የታለ?

ባለፈው ቅዳሜ ሐይቅ ዳር የሆነውን ያየ ሰው ወሎ በአማካሪ ድሃ ናት ሊል ከቶ አይችልም። አንድ አባወራ ከደሴ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ነድቶ ሚስቱንና ልጆቹን ውሃው ዳር ካወረደ በኋላ ገና የድንኳኑን ከረጢት ሲከፍት፣ ከየት እንደመጡ ያልታወቁ ሰዎች እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው ከበቡት። ታውቋቸዋላችሁ። ጎማ ስትቀይሩም፣ ቁም ሳጥን በደረጃ ስታወጡም አልተለዩአችሁም። ደመወዝ አይጠይቁም፤ እጃቸውንም አያቆሽሹም። በ1870 ዓ.ም. ቦሩ ሜዳ ላይ ታላቁ ጉባኤ ሲደረግ ሜዳውን የሞላውን ሰፈር ማን እንደተከለው ታሪክ ባይነግረንም፣ እነማን ዳር ቆመው «ወደ ግራ!» ይሉ እንደነበር ለመገመት አይቸግረኝም።

የእነዚህ ሰዎች የመጀመሪያው ትሩፋት መመሪያ አለማንበባቸው ነው። ከከረጢቱ የወጣውን ባለ ሥዕል ወረቀት አንደኛው ገልበጥ አድርጎ አየና ለከሰል ማቀጣጠያ ይሆናል ብሎ ከምድጃው አጠገብ አኖረው። ሁለተኛው፣ ጋቢ የለበሰውና በግርማ ሞገሱ ሁሉን የሚበልጠው፣ የተዘረጋውን ጨርቅ በትዝብት ከቃኘ በኋላ «ምሰሶው የታለ?» ሲል ጠየቀ። አባወራው የዚህ ድንኳን ጣራ የሚቆመው ሁለት ተለማጭ ዘንጎች ተሻግረው ሲጎብጡና ጫፎቻቸው በማዕዘኖቹ ቀዳዳ ሲገቡ መሆኑን በትሕትና አስረዳ። ባለጋቢው ግን በዕድር ድንኳን ስንቱን ሰርግ ድሮ፣ ስንቱን ለቅሶ አስተዛዝኖ የኖረ ሰው ነውና «አብሽር ወንድሜ፣ ፋብሪካው ረስቶት ይሆናል» ብሎ አጽናናውና አጠና እንዲያመጣ አንድ ልጅ ላከ።

አጠናው መጣ። ከድንኳኑ ቁመት በእጥፍ ስለሚበልጥ መጥረቢያ ይፈለግ ተባለ። መጥረቢያው እስኪገኝ ድረስ ለምሰሶነት ባሕር ዛፍ ይሻላል ወይስ ጥድ በሚል የጦፈ ክርክር ተነሥቶ፣ ጥድ እንደሚሻል በሙሉ ድምፅ ከተወሰነ በኋላ ያለው ባሕር ዛፍ ብቻ ስለሆነ ባሕር ዛፉ ተቆረጠ። አሁንም ረዘመ፤ እንደገና ተቆረጠ፤ አሁን ደግሞ አጠረና ከሥሩ ጠፍጣፋ ድንጋይ ይደረግለት ተባለ። ድንጋዩ ሲገባ የወለሉ ሸራ ተበሳ። አጠናው ሲቆም ደግሞ ጫፉ ወባ ትንኝ የሚከላከለውን የጣራ መረብ ቀዶ ወደ ሰማይ ብቅ አለ። ባለጋቢውም ቀዳዳውን ለረጅም ጊዜ ከተመለከተ በኋላ ለአየር መልካም መሆኑን መሰከረ።

የሌሎቹም ውለታ የሚናቅ አልነበረም። ዘንጎቹ በላስቲክ ገመድ የተያያዙ ቁርጥራጮች ስለሆኑ በጨርቁ ቦይ ውስጥ እየተገፉ እንጂ እየተሳቡ አይገቡም፤ ሲሳቡ መገጣጠሚያቸው ውስጥ ለውስጥ ይላቀቃል። «ሳበው! ሳበው!» የሚለው ጩኸት ግን እስከ እስጢፋኖስ ገዳም ሳይሰማ አልቀረም። ካስማ መሬት የሚይዘው ራሱ ከድንኳኑ ወደ ውጭ አጋድሎ ሲመታ ቢሆንም፣ ቀጥ ብሎ ካልቆመ ለዓይን አያምርም ተብሎ ሁሉም እንደ ዘብ ቀጥ ብለው ተተከሉ። በሩም ዕይታው እንዳይቀር በማለት ወደ ሐይቁ ዞረ። ነፋስ የሚመጣውም ከዚያው ነበር።

ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ተነሣ። በበሩ ገብቶ ጣራውን እንደ ፊኛ ነፋው፤ ካስማዎቹም ያለ አንዳች ተቃውሞ ተነቀሉ። አማካሪዎቹ በአንድ አፍ «ብለን ነበር!» አሉና ወደየጉዳያቸው ሄዱ። በዚህ ጊዜ የአባወራው ትልቋ ልጅ ወረቀቱን ከምድጃው አጠገብ አንሥታ ሥዕሎቹን በተራ እያየች ማዘዝ ጀመረች፤ ድንኳኑም ሻይ በሚፈላበት ጊዜ ውስጥ ያለ ምሰሶ ቆመ።

ሲመሽ ባለጋቢው ሊጠይቅ ተመልሶ መጣ። «ሕፃናቱን ብርድ እንዳይመታቸው የከሰሉን ምድጃ ወደ ውስጥ አስገቡና ዚፑን ዝጉት» አለ። በዚህ ግን የሚስቅ ጥርስ የለኝም። ከከሰል የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ቀለምም ሽታም የለውም፤ ፍሙ አመድ ለብሶ የጠፋ ሲመስልም መውጣቱን አያቆምም፤ የተኛን ሰው ሳያነቃ ይገድላል። በተዘጋ ቤት ከሰል አንድደው በዚያው ያሸለቡ ሰዎችን መርዶ ያልሰማ በመካከላችን ማን አለ? ለቅሷቸውን ደርሰን፣ በዚያው በምሰሶው ድንኳን ውስጥ ተቀምጠን፣ ንፍሯቸውን በልተን እንመለሳለን፤ በማግስቱ ደግሞ ይህንኑ ለሌላ ቤተሰብ እንመክራለን! ይህ ደግነት አይደለም፤ የማያውቁትን በሰው ልጆች ነፍስ ላይ መሞከር ነው። እናትየዋ «እሺ ጋሼ፣ አላህ ይስጥልን» ብላ ምድጃውን ይበልጥ ከድንኳኑ አራቀችው፤ ለልጆቿም ብርድ ልብስ ደረበችላቸው።

እርሱ ግን ቅር አላለውም፤ ቅር መሰኘት ምክሩ መሰማት አለመሰማቱን ለሚከታተል ሰው ነው። ስለዚህ ድንኳን ሠሪዎች በየከረጢቱ ውስጥ ከካስማዎቹና ከገመዶቹ ጎን አንዲት ታጣፊ ወንበር ቢጨምሩ መልካም ነው እላለሁ፤ ቆሞ መምከር እግር ያደክማልና። እርግጥ ወንበሯን የሚዘረጋላቸው ሌላ ሰው ያስፈልጋል።