ብቃት ትዝ የሚላቸው ሴት ስትወዳደር ነው

የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ቀጣይ ዋና ጸሐፊ ሴት ትሁን ሲባል ከአንዳንድ ዲፕሎማቶች የሚመጣው መልስ ያው ነው። ጾታ ሳይሆን ብቃት ይታይ ይላሉ። የዋና ጸሐፊው የአንቶኒዮ ጉተሬዝ ዘመን ዲሴምበር 31 ቀን 2026 ያበቃል። ብቃት የምትባለው ነገርም ልክ አሁን ትዝ አለቻቸው።

ግሩም ነው! እስከዛሬስ የት ነበረች?

ከ1946 ጀምሮ 9 ሰዎች በዚያ ወንበር ተሹመዋል። ዘጠኙም ወንዶች ናቸው። ኩርት ቫልድሃይም ከ1972 ጀምሮ 10 ዓመት መሩ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት በባልካን በጀርመን ጦር ውስጥ ማገልገላቸውን ደብቀው እንደነበር ዓለም ያወቀው በ1986 ነው፤ እሳቸው ከሄዱ በኋላ። ብቃት ተመዝኖ ነዋ! በ1996 ደግሞ ዋና ጸሐፊው ቡትሮስ ጋሊ ለሁለተኛ ዘመን ሲወዳደሩ ከ15ቱ የጸጥታው ምክር ቤት አባላት 14ቱ ደገፏቸው። አሜሪካ ብቻዋን ውሳኔ የመሻር መብቷን ተጠቅማ ቬቶ አደረገችና ተሰናበቱ። ይሄ የብቃት ፈተና ነው?

ከሁሉ የሚያናድደኝ ግን የአህጉር ተራ ነገር ነው። በ1991 የአፍሪካ ተራ ነው ተባለ። በ2006 የእስያ። በ2016 የምሥራቅ አውሮፓ ነው ሲባል ከርሞ ሹመቱ የጉተሬዝ አገር ፖርቱጋል ገባ። አሁን ደግሞ የላቲን አሜሪካ ተራ ነው የሚሉ ብዙ ናቸው። በእነዚህ ሁሉ ዓመታት የትውልድ አገር ሲቆጠር ብቃት ተነካ ብሎ ያለቀሰ ብዙም አልሰማንም። አህጉር ተራውን ሲጠይቅ ፍትሕ ነው። ሴቶች ሲጠይቁ ወንዶችን ማግለል ነው ይባላል። ለ80 ዓመት አንድም ሴት ያላየ ወንበር ላይ ወንድ ተገለለ ማለት ዓይን ያወጣ ነው።

ብቁ ሴት የለችም እንዳይሉ በ2016 ከቀረቡት 13 ዕጩዎች 7ቱ ሴቶች ነበሩ። ከእነሱ አንዷ ሄለን ክላርክ ኒውዚላንድን 9 ዓመት በጠቅላይ ሚኒስትርነት መርተዋል። በዚያ ላይ የተባበሩት መንግሥታት የልማት ፕሮግራም ኃላፊ ነበሩ። ከዚህ በላይ ምን ይምጣ? ጉተሬዝ ደካማ ናቸው አላልኩም። ሴት ስለተመረጠች ነገ ጦርነት ይቆማል የሚል የዋህም አይደለሁም። ከዘጠኙ ወንዶችስ ይህን የተጠየቀ ማን አለ?

የጸጥታው ምክር ቤት ዕጩዎችን የሚያጣራበት የሙከራ ድምፅ የሚሰጠው በር ተዘግቶ ነው። ማን ማንን እንደጣለ በይፋ አይነገርም። እውነት የሚመዘነው ብቃት ከሆነ አምስቱ ባለ ቬቶዎች በሩን ይክፈቱት። የጣሏትን ሴት ስም ጠርተው፣ ምን እንደጎደላት በአደባባይ ይንገሩን።